ድምፁ ስለ ደከመ አሮጌ ቤዝ ጊታር

በዚህ ዐምድ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የቤት ዕቃ አያያዝንና የልጆችን አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ከጎረቤታችን ቤት ያየነውንና በእጃችን የዳሰስነውን አንድ ነገር ለመጻፍ ወደድን። ይኸውም ስለ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ነው። «ይህ የባንድ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነውን?» የሚል ቢኖር፥ አባት ትቶት የሞተው ዕቃ የቤተ ሰብ ጉዳይ ካልሆነ ሌላ ምን የቤተ ሰብ ጉዳይ አለ ብለን እንመልስለታለን።

ጎረቤታችን የሆኑት ወይዘሮ ባለቤታቸውን ካጡ ስድስት ዓመት አልፏል። ሟቹ በኋለኛው ዘመናቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በጡረታ ቢገለሉም፥ በወጣትነታቸው ማታ ማታ በባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። መሣሪያቸው ፌንደር ፕሪሲዥን የሚባለው፥ በአሜሪካ አገር የተሠራው ነው፤ ክንዳቸው ያርፍበት በነበረው ቦታ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ከልጆቻቸው መካከል ጨዋታውን የተማረው ታናሹ ብቻ ነው። እኅቱ በጥር ወር የምትዳር ስለ ሆነ፥ በሠርጓ ቀን የአባታቸውን ጊታር ሊጫወትላት ቃል ገብቶላት ነበር። ዳሩ ግን መሣሪያውን ከሣጥኑ አውጥቶ ከድምፅ ማጉያው ጋር ቢያገናኘው፥ ድምፁ በብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው የታፈነና የራቀ ሆነበት።

ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ቢወስደው፥ ጠጋኙ በመለኪያ ከለካ በኋላ በቁራጭ ወረቀት ላይ «7.6፤ መሆን የሚገባው 11» ብሎ ጻፈና፥ «ፒክአፑ ሞቷል፤ ማግኔቱም በእርጅና ደክሟል። አዲስ እገጥምላችኋለሁ፤ አሮጌውን ለእኔ ተዉልኝ» አለው። ወይዘሮዪቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ወደ እኛ ላኩና፥ «ልጄ፥ አንተ የሬዲዮና የቴፕ ነገር ትነካካ የለም ወይ? የአባታቸውን ዕቃ ሆዱን አውጥተው ሊጥሉት ነውና፥ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ እየው» አሉን። እኛም «እሺ እትዬ» ብለን፥ ከጽሕፈት ቤት እንደ ወጣን መለኪያችንንና ካቻቢቴያችንን ይዘን ሄድን።

ነገሩን ከመቀጠላችን በፊት ፒክአፕ ምን እንደ ሆነ እንናገር፤ ዕቃ የሚጭነውን መኪና በዚሁ ስም ስለምንጠራው የሚሳሳት አይጠፋምና።

በገናን የሚያውቅ ሰው ድምፁ ከቆዳ ከተለበጠው ገበቴው ውስጥ እንደሚወጣ ያውቃል። የኤሌክትሪክ ቤዝ ግን ሰውነቱ ድፍን እንጨት ስለ ሆነ ብቻውን ሲመታ የሚሰማው ጥቂት ነው። ድምፁን የሚሰበስብለት ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ፒክአፕ የሚባለውም እርሱ ነው። በውስጡ የማግኔት ዘንጎች አሉ፤ በዘንጎቹ ዙሪያም ከራስ ጠጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። ክሩ ከብረት የተሠራ ስለ ሆነ ከማግኔቱ በላይ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኀይል ያናውጠዋል፤ ያም መናወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክን ያስነሣል። ይህንን የተፈጥሮ ሕግ የእንግሊዙ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. በፈተና አሳይቶታል። የሚነሣው ኤሌክትሪክ ከአንድ ቮልት በታች የሆነ ደካማ ነገር ስለ ሆነ፥ እስከ ማጉያው ድረስ ባለው መንገድ ላይ ትንሽ እንቅፋት ቢያገኘው ወዲያው ይታወቅበታል። የበገና ጅማት በዚህ መሣሪያ ላይ ቢታሰር፥ ማግኔት ጅማትን አያውቅምና መሣሪያው ዝም ይላል።

መሣሪያውን ያወጣው በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። ይህ ሰው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር ቢባል የሚያስደንቅ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ አወጣ፤ ፕሪሲዥን ማለት ልክነት ማለት ነው፤ በአንገቱ ላይ የብረት መለያዎች ስላሉት ጣት በረገጠበት ቦታ ድምፁ ልክ ሆኖ ይወጣልና። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ፒክአፑን ለሁለት ከፈለው፤ አንደኛው ግማሽ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፥ ሁለተኛው ለሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ሆነ። ሁለቱ ግማሾች አንዱ ከሌላው ተቀጥለው ይሠራሉ፤ የማግኔታቸውና የጥቅላቸው አቅጣጫ ተቃራኒ ስለ ሆነም ከቤት መብራት የሚመጣውን ጉምጉምታ እርስ በርሳቸው ያጠፉታል። በእኛም አገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ይጫወቱ የነበሩት እንደ ዋልያስና እንደ አይቤክስ ያሉት ባንዶች በኤሌክትሪክ ቤዝ ይጫወቱ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ በከተማችን ባሉ ቤቶች ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። ድምፅ ደከመ ሲባል ሁሉ ፒክአፑን መክሰስ ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ከክሩ እስከ ጆሮ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነውና፥ መመርመር የሚገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ይኸውም የውጭው ምርመራ ምንም ነገር ሳይፈታና ሳይበላሽ የሚደረግ ስለ ሆነ ነው።

መጀመሪያ ልጁን፥ «ሌላ ገመድ አምጣ» አልነው። ከጊታሩ ወደ ማጉያው የሚሄደው ገመድ በጫፉ ላይ ሲበጠስ ወይም ሲላላ ድምፁን ያደክማል። ገመዱን ቢለውጠው ለውጥ አልታየም። ቀጥለን ማጉያውን ተመለከትን፤ በብዙ አሮጌ ማጉያዎች ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ኀይለኛ ድምፅ ላላቸው መሣሪያዎች የተደረገ ስለ ሆነ የገባውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ይህን ሳያውቅ በሁለተኛው ቀዳዳ ሰክቶ መሣሪያው ደከመብኝ የሚል ሰው አጋጥሞናል። ልጁ ግን በትክክለኛው ቀዳዳ ነበር የሰካው። ሌላ ጊታር ተውሶ በዚያው ገመድና በዚያው ማጉያ ቢሞክር ድምፁ ሞልቶ ወጣ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከጊታሩ ውስጥ መሆኑን አረጋገጥን። በዚህ ቦታ አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ፤ ባለ አምፖል አሮጌ ማጉያ ከመብራት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና፥ ሽፋኑን ማንም ያልተማረ ሰው አይክፈት።

ከዚያ ክሮቹን አየን። በሌላ ቤት፥ ለእንጨት ጊታር የሚሆን የነሐስ ክር በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ ታስሮ አይተናል፤ ነሐስ ማግኔት የሚይዘው ዐይነት ስላልሆነ ድምፁ ይሳሳል። የእነዚህ ግን የብረትና የኒኬል ነበሩ፤ ያረጁ ቢሆኑም ጥፋተኞች አልነበሩም።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያገኘነው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ክሩን በመጨረሻው የብረት መለያ ላይ ተጭኖ ይዞ፥ ከክሩ እስከ ማግኔቱ ራስ ድረስ ያለውን ርቀት በማስመሪያ መለካት ነው። በእንዲህ ያለው መሣሪያ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። በዚህኛው ግን ወደ 7 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘነው። ልጁ፥ «ጋሼ፥ ብሎኖቹን ወደ ላይ ፈትቻቸው ነበር፤ ግን ፒክአፑ አልተነሣም» አለን። እውነቱን ነበር። ብሎኑ ፒክአፑን ወደ ታች ይይዘዋል እንጂ ወደ ላይ አይገፋውም፤ ወደ ላይ የሚገፋው ከሥሩ የተነጠፈው ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ከዐምሳ ዓመት በላይ ሲታሽ ኖሮ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሮ ዱቄት ሆኗል፤ ፒክአፑም ከጉድጓዱ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል። ማግኔት ኀይሉ በርቀት ፈጥኖ የሚቀንስ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ሚሊሜትር መራቅ ብዙ ድምፅ ያሳጣል። በተቃራኒው ደግሞ «ድምፅ ይጨምርልኝ» ብሎ ከልክ በላይ ማስጠጋት አይገባም፤ ማግኔቱ ክሩን ወደ ራሱ ስቦ ቅኝቱን ያውከዋልና።

ነገር ግን የስፖንጁ መበላሸት የድምፁን መራቅ ያስረዳል እንጂ የድምፁን መታፈን ፈጽሞ አያስረዳም። በጠጋኙ ወረቀት ላይ የተጻፈውም ቍጥር መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ ክሮቹን አላልተን፥ መቆጣጠሪያዎቹ ያሉበትን ክዳን ከፈትን።

ከክዳኑ ሥር ሁለት መቆጣጠሪያዎች ነበሩ፤ አንዱ የድምፅ መጠን፥ ሌላው የድምፅ ቃና ነው። በሁለተኛው ጀርባ ላይ 1376622 የሚል ቍጥር ታትሞበታል። ይህን ለማያውቅ ሰው ከንቱ ቍጥር ይመስለዋል፤ ሲነበብ ግን 137 የሠሪው ፋብሪካ መለያ፥ 66 ዓመቱ፥ 22 ሳምንቱ ነው፤ እንግዲህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በሃያ ሁለተኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጊታሩም ከዚያ ቀን በፊት አልተሠራም። አንደኛው መቆጣጠሪያ ግን አዲስና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ በጀርባውም «ቢ 25 ኬ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ልጁን፥ «ይህን ማን ለወጠው?» ብንለው፥ እናቲቱ ከጓዳ ሆነው፥ «እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው፤ ሲያዞሩት እሳት ውስጥ እንደ ገባ ጨው ይንጣጣ ነበርና አንድ ሰው ለወጠላቸው። ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልነኩትም፤ ጆሮዬ ደከመ ይሉ ነበር» አሉ።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለጠልን። በእንዲህ ያለው ጊታር ላይ የሚገባው መቆጣጠሪያ 250 ኪሎ ኦም ነው። የተገጠመው 25 ነው። 25 የሚባለው የተሠራው በባትሪ ለሚሠሩ ለሌላ ዐይነት ፒክአፖች ነው፤ መልኩና መጠኑ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ግን በቦታው ልክክ ብሎ ይገባል። በመዝገብ ሥራ ላይ የምንኖር ሰዎች የአንዲት ዜሮ መጕደል ስንቱን ሰው ለክርክር እንደሚያቀርብ እናውቃለን፤ በጊታር ሆድ ውስጥ እናገኛታለን ብለን ግን አላሰብንም ነበር።

ይህ ዜሮ ምን እንዳደረገ በጥቂቱ እናስረዳ። ኦም ማለት አንድ ሽቦ ለኤሌክትሪክ መተላለፍ የሚያቀርበው እንቅፋት የሚለካበት ስም ነው፤ ኪሎ ኦም ሺህ ኦም ነው። የፕሪሲዥን ፒክአፕ ሁለቱ ግማሾች አብረው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኦም ይሆናሉ። መቆጣጠሪያው ከፒክአፑ ጎን እንደ ሁለተኛ ቦይ ሆኖ ወደ መሬት የሚወርድ መንገድ ነው። ቦዩ ጠባብ ሲሆን፥ ማለት 250 ሲሆን፥ ፒክአፑ ካመነጨው ከመቶው 96 ያህሉ ወደ ማጉያው ይሄዳል። ቦዩ ሰፊ ሲሆን፥ ማለት 25 ሲሆን ግን፥ ከመቶው 69 ብቻ ይደርሳል፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። ይህም ለዝቅተኛው ድምፅ ነው፤ ቀጭኑና ጥርት ያለው ድምፅ ከዚህም ይልቅ ይጎዳል። ሟቹ «ጆሮዬ ደከመ» ያሉት ጆሯቸው ደክሞ አልነበረም ማለት ነው፤ ይህን ስናስብ ጥቂት አዘንን።

የጠጋኙስ ቍጥር? ጠጋኙ አልዋሸም። እኛም በገመዱ ጫፍ መለኪያችንን አገናኝተን ብንለካ 7.6 አገኘን። ይሁን እንጂ በገመዱ ጫፍ የሚለካ ሰው የሚያገኘው የፒክአፑን ብቻ ሳይሆን የፒክአፑንና የመቆጣጠሪያውን አንድነት ነው። ውኃ በሁለት ቦይ ሲወርድ ከአንዱ ይልቅ እንደሚቀለው ሁሉ፥ ሁለት የኤሌክትሪክ መንገዶች ጎን ለጎን ሲሆኑ እንቅፋታቸው ከአንዱ ያንሳል። 11 እና 25 ጎን ለጎን ሲሆኑ ሒሳቡ 7.6 ይመጣል፤ 11 እና 250 ቢሆኑ ኖሮ ግን 10.5 ይሆን ነበር። ጠጋኙ ቍጥሩን አይቶ «ሽቦው በውስጥ ተገናኝቶ ሢሶው ጠፍቷል» ብሎ ፈረደ፤ እኛ ግን የፒክአፑን ቃል ብቻውን ለመስማት ፈለግን።

ብቻውን ለመስማት ከፒክአፑ የሚመጣውን አንዱን ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ላይ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ሽቦው በቀለጠ እርሳስ የተጣበቀ ስለ ሆነ፥ በማቅለጫ ብረት ጫፍ ለጥቂት ሴኮንድ ነክቶ በቀስታ መሳብ ነው። ትራንስፎርመር በውስጡ ያለውን፥ እንደ ሽጕጥ የሚያዘውን ማቅለጫ ከማግኔቶቹ አጠገብ ማምጣት አይገባም፤ የማግኔቱን ኀይል ሊያጠፋው ይችላልና። ሽቦውን አላቅቀን ብንለካ 11.0 ኪሎ ኦም ሆነ፤ ግማሾቹንም ለየብቻ ብንለካ እያንዳንዳቸው 5.5 ሆኑ። እንግዲህ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ዙር አልጠፋበትም። የመዳብ እንቅፋት ከሙቀትና ከብርድ ጋር እንደሚለዋወጥ መዘንጋት አይገባም፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት ከመቶ 4 ያህል ይለወጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ማለዳ 10.6 የተለካው ከቀትር በኋላ 11 ቢሆን ማንም አይደንግጥ።

ማግኔቱ ደክሟል የተባለውንም መረመርን። በእያንዳንዱ ዘንግ ራስ ላይ የወረቀት ማያያዣ አግራፍ አንጠለጠልን፤ ስምንቱም እኩል ያዙት። አልኒኮ የሚባለው ይህ ማግኔት ከአሉሚኒየም፥ ከኒኬል፥ ከኮባልትና ከብረት የተቀላቀለ ነው፤ በዓመታት ብዛት ብቻ የሚያጣው ኀይል እጅግ ጥቂት ነው። የሚያደክመው ዕድሜው ሳይሆን የሰው ሥራ ነው፤ ይኸውም ከሌላ ኀይለኛ ማግኔት ጋር ሲጋጠም ወይም ከላይ እንዳልነው ባለ ማቅለጫ ሲጎዳ ነው። በእርግጥ የደከመ ቢሆን እንኳ ባለሙያ በኀይለኛ ማግኔት በአንድ ደቂቃ ሊመልሰው ይችላል፤ ዋልታውን እንዳይገለብጥ መጠንቀቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ያን ማታ ለማረጋገጥ ያህል መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ ትተን፥ የፒክአፑን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ከጃኩ ጋር አገናኘናቸው። ከፒክአፑም ሥር ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ አስገባን። ልጁ ክሮቹን ከፍ አድርጎ ቃኘና ወፍራሙን ክር መታው። ይህ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ስለ ሆነ ከጆሮ ይልቅ በደረት ይሰማል። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እናቲቱ ከጓዳ ብቅ ብለው፥ «ቀንሰው ልጄ! አባትህም እንዲህ እያሉ ነው ብርጭቆዬን የጨረሱት» አሉ፤ ነገር ግን ተመልሰው ወደ ጓዳ አልገቡም፤ ከበሩ መቃን ተደግፈው ቆሙ።

የአንባቢዎቻችን መሣሪያ ከዚህ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ነገር እንጨምር። ጃዝ ቤዝ የሚባለው፥ በ1960 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው፥ ሁለት ሙሉ ፒክአፖች አሉት። አንዱ ብቻውን ሲከፈት ደኅና ሆኖ፥ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቢሳሳና ዝቅተኛው ድምፅ ቢጠፋ፥ አንዱ ሲጠገን ሽቦው ተገልብጦ ተጣብቋል ማለት ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና። የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ይበቃዋል። ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ ያሉት በውስጣቸው ማጉያና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ያላቸው ናቸው፤ እነዚህ ሲደክሙ ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን መለወጥ ነው። በእንዲህ ያለው መሣሪያ ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፤ ስለዚህ ጨዋታ ሲያበቃ ገመዱን መንቀል ልማድ ይሁን።

ፒክአፑ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም አንልም። በተከፈለው ፒክአፕ ሁለቱ ክሮች ደኅና ሆነው ሌሎቹ ሁለቱ ቢዳከሙ፥ አንደኛው ግማሽ በውስጡ ተገናኝቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ለየብቻ ሲለኩም ልዩነታቸው ይታያል። ሽቦው ብቻውን ተለክቶ መለኪያው ምንም ቍጥር ባያሳይ ግን ሽቦው በአንድ ቦታ ተበጥሷል። በዚያን ጊዜ እንኳ ተስፋ አይቆረጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ ሽቦ ጋር በሚጣበቅበት ጫፍ ላይ ነውና፥ በአጉሊ መነጽር አይቶ እንደ ገና ማጣበቅ ይቻላል። የጥንቶቹን የፌንደር ዘንጎች ግን ማንም ገፍቶ ለማውጣት አይሞክር፤ ሽቦው በቀጥታ በማግኔቶቹ ላይ የተጠመጠመ ስለ ሆነ፥ ዘንጉ ሲንቀሳቀስ የውስጡን ዙር ይበጥሰዋል። ላብና እርጥበት ደግሞ ማግኔቱን እያዛገ ሽቦውን ይበላዋልና፥ መሣሪያውን ከእርጥብ ወለል ማራቅ፥ ከጨዋታም በኋላ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል። ፈጽሞ የሞተ ቢሆን እንኳ ዐዋቂ ሰው በዚያው አካልና በዚያው ማግኔት ላይ አዲስ ሽቦ ይጠመጥምበታል። አሮጌውን «ተዉልኝ» ለሚል ሰው መተው ግን አይገባም፤ የዚህ ዘመን ፒክአፕ ፈላጊው ብዙ ነው፤ የተለወጠበት ጊታርም ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ጠጋኙ ይህን ዐውቆ ነው የጠየቀው አንልም፤ ባለቤቱ ግን ማወቅ አለበት።

እውነተኛው ባለ 250 መቆጣጠሪያ በአቅራቢያችን ባለመገኘቱ፥ በውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው እስኪልከው ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በደረሰ ጊዜ ልጁ ራሱ እንዲያጣብቀው አደረግነው፤ እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጦ አንድ ጊዜ እርሳሱን አበዛው፥ ሁለተኛውን ግን አሳመረው። ከዚያ በገመዱ ጫፍ ብንለካ 10.5 ሆነ። የጠጋኙን ቁራጭ ወረቀት ገልብጠን፥ በጀርባው ላይ የሁለቱን ግማሾች ልክ፥ የሙሉውን ልክ፥ ቀኑንና የሰዓቱን ሙቀት ጻፍንበት፤ ከጊታሩ ሣጥን ውስጥም፥ ሟቹ የክር መለወጫቸውን ያስቀምጡባት በነበረችው ትንሽ ኪስ ከተትነው።